የሽንት ቤቱ በርና የተዋስነው ላይብረሪ

(የመቆለፊያ ወርክሾፕ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ወለሉ ላይ የተጠላለፈ ሽቦ። ከጠረጴዛው ትይዩ የሽንት ቤት በር አለ። በሩ ይንኳኳል።)

ዘገየ፦ እያንኳኳ ነው።

ሊቁ፦ ሽንት ቤት የሚንኳኳው ከውጭ ነው።

ዘገየ፦ እሱ ግን ከውስጥ ነው የሚያንኳኳው።

ሊቁ፦ እንግዲያው ማንኳኳት አይባልም።

ዘገየ፦ ታዲያ ምን ይባላል?

ሊቁ፦ [ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ] መደብደብ። ደግሞ አማት ሽንት ቤት ገብተው ሳለ በር ላይ ቆሞ ማዋራት ነውር ነው። ይጨርሱ።

ዘገየ፦ ጨርሷል እኮ። ሦስቴ ውሃ ለቀቀ።

ሊቁ የሚለው ቅጽል ስም እንጂ መጠሪያ ስሙ አይደለም። ከሠርጉ ማግስት የአማቱን ቤት ቧንቧ፣ የሚስቱን ራስ ምታትና የመንግሥትን በጀት በአንድ ቁርስ ላይ ስላስረዳ ቤተሰቡ ያወጣለት ነው። ዘገየም ስሙ አይደለም። የሊቁ ሚስት ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ አንድ ነገር ሲታዘዝ ከዚያ በፊት የታዘዘውን ገና ሲያከናውን የሚገኝ ሰው ነው። ሁለቱም ፕሮግራም ይጽፋሉ። የወርክሾፑ ባለቤት፣ የአንዱ አማት የሌላው አባት፣ አሁን ከበሩ ወዲያ ናቸው።

የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው፦ አዲስ የተሠራ መቆለፊያ መጀመሪያ የሚገጠመው ሽንት ቤቱ በር ላይ ነው። የሽንት ቤት ችኮላን የቻለ የሌባን ጥድፊያም ይችላል ይላሉ ሽማግሌው። ይኼኛው መቆለፊያ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም። መቀርቀሪያውን የሚገፋው ትንሽ ሞተር ነው፤ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። በስክሪኑ ላይም፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይም «ክፈት» እና «ቆልፍ» የሚሉ ሁለት መጫኛዎች አሉ። መብራት ቢቋረጥ እንኳ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ሌባ አስቀድሞ የሚቆርጠው መብራት ነውና።

ይህን መቆለፊያ ሊያዩ አንዲት የመጋዘን ባለቤት ዛሬ ጠዋት ይመጣሉ። መስታወት ያለው ሽንት ቤቱ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ሽማግሌው ክራቫታቸውን ሊያስተካክሉ ገቡ። ሽያጩ ከሠመረ የወርክሾፑን ኃላፊ ዛሬውኑ እሾማለሁ ብለዋል። ሊቁ ሹመቱን በልቡ ከለበሰው ሰንብቷል። ለሚስቱ ነግሯታል፤ ሚስቱም ለጎረቤት ነግራለች፤ ስለዚህ ወደኋላ መመለስ የለም።

አባት፦ [ከውስጥ] ልጆች፣ ይኼ በር እንቢ ብሏል።

ሊቁ፦ አባባ፣ እርስዎ ምንም አይንኩ። ከዚህ እንከፍታለን። ዘገየ፣ «ክፈት» የሚለውን ተጫን።

(ዘገየ ይጫናል። በሩ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ግርርር ይልና ጠቅ ይላል።)

አባት፦ ጭራሽ ጠበቀ።

ሊቁ፦ ይኼ ጥሩ ምልክት ነው።

ዘገየ፦ ለማን?

ሊቁ፦ ሞተሩ ትእዛዝ ይሰማል ማለት ነው። ድገመው።

(ግርርር። ጠቅ።)

አባት፦ አሁን እጀታውም መነቃነቅ ተወ። ስሙኝማ፣ ስገባ አልተቆለፈም ነበር። ልወጣ ብዬ «ክፈት» የሚለውን ስጫን ነው የተቆለፈው።

ሊቁ፦ ተምታቶብዎት ነው አባባ። ሰው ሲታፈን እንዲህ ያደርገዋል።

ዘገየ፣ ትናንት እኮ ይሠራ ነበር፣ ከትናንት ወዲህ ምን ነካህ ብሎ ጠየቀው። ሊቁ ምንም አልነካሁም አለ። ምንም? ምንም። ላይብረሪውን ብቻ በአዲሱ ቀይሬዋለሁ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይገባል። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ራሱ አይጽፍም። ሞተር እንደ ማሽከርከር ያለውን ሥራ በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸው ሰዎች ጽፈው ካስቀመጡት ይዋሳል። የተዋሰው ላይብረሪ ይባላል። ከላይብረሪው ጋር ሄደር የሚባል አጭር ፋይል አብሮ ይመጣል። ዜሮ ብትለው ይህን ያደርጋል፣ አንድ ብትለው ያን ያደርጋል እያለ የላይብረሪውን ጠባይ የሚናገረው እሱ ነው። የተጻፈውን ሁሉ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም ደግሞ ኮምፓይለር ይባላል።

ዘገየ፦ ሄደሩንስ? እሱንም ቀየርከው?

ሊቁ፦ ሄደር ሄደር ነው። ሰው አዲስ ኮት ገዛ ተብሎ መስቀያ ይቀይራል?

ዘገየ፦ ኮቱ ካልገባበት...

ሊቁ፦ ይግባ አይግባ ኮምፓይለሩ ያውቃል። ስህተት ቢኖር ይጮህ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ዘገየ፦ እኛም ቤት የተሰረቅነው ውሻው ዝም ያለ ቀን ነው።

ሊቁ ሁሉንም አጥፍቼ ከሥር እገነባዋለሁ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። የመገንቢያውን ትእዛዝ ከፋይል ገልብጦ መለጠፍ ሲችል፣ የሚያውቅ ሰው በቃሉ ይጽፋል ብሎ በቃሉ ጻፈው። ላይብረሪውን ከፊት፣ የራሱን ፋይል ከኋላ አደረገ። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው ፕሮግራም፣ ሊንከር የሚሉት፣ ይኼን ስም አላውቀውም፣ ያንንም አላውቀውም እያለ ይወርድ ጀመር።

አባት፦ ማነው የማያውቀው?

ሊቁ፦ ሊንከሩ ነው አባባ።

አባት፦ እሱን ደግሞ ማን ቀጠረው?

ዘገየ፦ ሰው አይደለም አባዬ።

አባት፦ ሰው ካልሆነ ምን ያስለማምጣችኋል?

ዘገየ ላይብረሪውን ወደ ኋላ ብናደርገውስ አለ። ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ ማንም ሳይፈልገው የቀረበለትን ላይብረሪ አልፎት ይሄዳል፤ እንደ ሠርግ ቤት ነው፣ ራበኝ የሚል ሳይመጣ ሳህን ይዞ የሚዞር የለም። ሊቁ ሳቀበት። ላይብረሪውን የጻፉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ትልቅ ሰው ይቀድማል አለው። ከዚያ ላይብረሪውን ሁለት ጊዜ ከፊት ጻፈው። ቀዩ ጽሑፍ አልቀነሰም። በትልልቅ ፊደል ጻፈው፤ ባሰበት። በመጨረሻ ወደ ኋላ ወሰደውና ቀዩ ሁሉ ሲጠፋ፣ ቅድምም ይኼንኑ ነበር ያልኩት አለ።

ሊቁ፦ አሁን «ክፈት» በለው።

(ግርርር። ጠቅ።)

ሊቁ፦ ተከፈተ አባባ?

አባት፦ ልጄ፣ እኔስ አልከፋኝም። መስታወት አለ፣ ውሃ አለ። ሴትዮዋ ናቸው የሚያሳዝኑኝ። መቆለፊያ ሊገዙ መጥተው ባለቤቱን ሽንት ቤት ሲያገኙት።

የዘገየ ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ ናቸው፤ ሕንጻው በር ላይ ደርሰዋል፣ ስንተኛ ፎቅ ናችሁ ይላሉ። ዘገየ ፎቁን በትክክል ነገራቸው። ሊቁ ምነው ሌላ ፎቅ ባልካቸው ብሎ ተቆጣ፤ ዘገየ ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ አይደለንም እኮ አለ። ሹመቱ ከበሩ ወዲያ ክራቫት አስሮ ቆሟል፤ ገዢዋ ደረጃውን ይወጣሉ።

ሊቁ፦ በቃ ስማኝ። ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ እንዴት ነው የሚከፈተው? መጀመሪያ ትንሽ ታጠብቀዋለህ፣ ከዚያ በድንገት ወደ ኋላ ታዞረዋለህ። ቆልፍና ክፈት። ሁለቱን አከታትለህ ተጫን።

ዘገየ፦ የተቆለፈውን ልቆልፈው?

ሊቁ፦ አታስብ። ተጫን።

(ዘገየ «ቆልፍ» የሚለውን ፈልጎ፣ አንብቦ፣ ይጫናል። ግርርርርር። በሩን በትከሻቸው ተደግፈው የቆሙት አባት ከነክራቫታቸው ክፍሉ ውስጥ ይወድቃሉ።)

ሊቁ፦ [አማቱን እያነሳ] አላልኩም?

ዘገየ፦ ግን እኔ ገና...

ሊቁ፦ ገና የለም። ተከፈተ፣ አለቀ። አባባ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ተኝቶ ነበር፤ በቆልፍ ቀስቅሰን በክፈት አወጣነው። ይኼ መጽሐፍ ላይ አይገኝም።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያራገፉ አማቻቸውን በአድናቆት አዩት። እንግዲያው ሴትዮዋ ሲገቡ አንተው ታሳያቸዋለህ፣ ገብተህ ትቆልፋለህ፣ ከዚያ ትከፍታለህ፣ ትወጣለህ አሉት። ኃላፊ የሚለው ቃል ገና ከአፋቸው ባይወጣም ሊቁ ጥርሳቸው ሥር አየው። እስኪ መቀርቀሪያውን ልስማው ብሎ ሽንት ቤቱ ገባና በሩን ከኋላው ሳብ አደረገው።

ዘገየ ጣቱ አሁንም መጫኛው ላይ ነው። የታዘዘው ሁለት ነገር ነው። አንዱን ፈጽሟል፤ ሥራ ደግሞ በግማሽ አይተውም። «ክፈት» የሚለውን ተጫነ።

(ግርርር። ጠቅ። በዚያው ቅጽበት የወርክሾፑ በር ተከፍቶ ገዢዋ ይገባሉ፤ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ጫማቸው የመጋዘን አቧራ የያዘ ሴት ናቸው።)

ሊቁ ከውስጥ እጀታውን ያዘ። አይነቃነቅም። ሽንት ቤት ውስጥ የሚያስረዱት ሰው ስለሌለ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ዘገየ «እኔ ገና» ያለው ምኑን ነው? ክፈትን ገና አልተጫነም ነበር። ታዲያ አማቱ የወጡት በምን ነው? በቆልፍ። አሁን እሱ የተቆለፈበትስ? በክፈት። ነገሩ እንደ ብርሃን ታየው። አሮጌው ሄደር ክፈት ዜሮ ነው፣ ቆልፍ አንድ ነው ይላል። አዲሱን ላይብረሪ የጻፉት ሰዎች ቁጥሮቹን አገላብጠዋቸዋል፤ አዲሱ ሄደር ይህን ይናገራል፤ ያንን ሄደር ግን ሊቁ አልወሰደውም። ስለዚህ ክፈት በተባለ ቁጥር ዜሮ ይሄዳል፣ ዜሮ ደግሞ አሁን ቆልፍ ነው። ኮምፓይለሩ ዝም ያለው ዜሮም አንድም ለእሱ ያው ቁጥር ስለሆኑ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን «ቆልፍ» የሚል መጫኛ አየ። አንድ ጊዜ ቢነካው በሩ ይከፈታል። ጣቱን ዘረጋ። ከውጭ የገዢዋ ድምፅ ተሰማ።

ገዢዋ፦ ውስጥ ሰው አለ?

አባት፦ [ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ] አለ። የወርክሾፑ ኃላፊ ነው።

(ከውስጥ የሊቁ ጣት መጫኛውን ሳይጫን ይቆማል።)

ገዢዋ፦ ምን ያደርጋል?

አባት፦ መቆለፊያውን እየፈተነ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው፤ ከላይ እስከ ታች። እንግዲህ የሠራው ሰው የማይወጣበትን በር፣ የማያውቀው ሌባ ይገባበታል ብለው ያስባሉ?

ገዢዋ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ በትከሻቸው ገፉት፣ ሲቀጥልም በጫማቸው ሞከሩት። ከዚህ በፊት የገዙትን መቆለፊያ የሠራው ሰው ራሱ ከፍቶ ከሰረቃቸው በኋላ ሠሪ ማመን እንዳቆሙ ነገሯቸው። ከዚያ ወደ በሩ ጠጋ አሉ።

ገዢዋ፦ ኃላፊው፣ ይሰሙኛል? ይኼ በር በምን እንደሚከፈት ያውቃሉ?

ሊቁ ያውቃል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ እርግጠኛ ሆኖ የሚያውቀው ይኼን ብቻ ነው፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ጣቱም መጫኛው ላይ ነው። በሩን ቢከፍተው ሽያጩም ሹመቱም አብረው ይወጣሉ።

ዘገየ፦ እሱ እኮ የማያውቀው ነገር...

(አባት የዘገየን እግር ይረግጣሉ።)

ሊቁ፦ [ከውስጥ፣ እንደ ታመመ ሰው] አላውቅም።

ገዢዋ፦ ትንሽም?

ሊቁ፦ ምንም አላውቅም።

የገዢዋ ፊት ፈካ። ለመጋዘኖቼ በሮች ሁሉ ይሠራልኝ አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ጨበጡና ወደ ደጅ ሊሸኟቸው ተነሡ። ገዢዋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ ወደ ሽማግሌው ጆሮ አዘነበሉ።

ገዢዋ፦ መቆለፊያው ግሩም ነው። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምንም የማያውቅ ሰው እንዴት ኃላፊ አደረጉት?

አባት፦ አማቼ ነው።

ገዢዋ፦ [ራሳቸውን በሐዘን እየነቀነቁ] አይዞዎት። እኔም አንድ አለኝ፤ ሒሳብ ክፍል አስቀምጬዋለሁ።