ጋሽ ተካልኝ ሲቀረጹ ጸጥታ ያስከበርኩት እኔ ነኝ

አንዳንድ ሰው ሥልጣን ባይሰጡት ይሻላል። ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ራሴ ነው የማወራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያስፈትን የኖረ መምህር፣ ጡረታ የሚወጣው እሱ ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ካየሁ ቦታ ልቀይራቸው ይቃጣኛል።

ጋሽ ተካልኝ የከተማችን የሚዛን ልጅ ናቸው። አርባ ዓመት በአዲስ አበባ ሆቴሎች ፒያኖ ሲጫወቱ ኖረው፣ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አርባ ዓመት ከዘፋኝ ኋላ፣ አርባ ዓመት ሹካና ቢላዋ እየተንኳኳባቸው! በስማቸው የወጣ ሥራ ግን አንድም የለም። ታዲያ ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸውን፣ አንድ ቤዝ ጊታርና አንድ ድራም ተጫዋች ጠርተው፣ በእትዬ አስካለ ክለብ ጃዛቸውን ሊያስቀርጹ ተነሡ። ስቱዲዮ እንሂድ ቢባሉ እምቢ አሉ። "ያገሬ ሰው ፊት ካልሆነ ይቅርብኝ" ነው ያሉት።

ድምፅ የሚቀዳው ባለሙያ "ሙዚቃው እየሄደ ወሬው ቀነስ ይበል" ብሎ አደራውን ለእኔ ሰጠኝ። ቀነስ! እኔ ቀነስ የሚባል ነገር የት አውቃለሁ? እሑድ ከሰዓት ሰዉ ከቴፒም ከሸኮም ሳይቀር መጥቶ አዳራሹን ሞላው። ሞባይል አዘጋሁ፤ ቢራው ውጭ እየተከፈተ እንዲገባ አደረግሁ፤ አስተናጋጆቹን በካልሲ አስኬድኩ። ጉንፋን የያዘውን ቡና ነጋዴ፣ ሳሉ ሲመጣ ሮጦ እንዲወጣ በሩ ሥር አስቀመጥኩት። በመጨረሻም፣ ጋሽ ተካልኝ ከመግባታቸው በፊት፣ "ማጨብጨብ ክልክል ነው!" አልኩ። ግማሹ ሰው ያስተማርኩት ስለሆነ ማንም አልተከራከረኝም።

የመጀመሪያው ሙዚቃ አለቀ። ኮሽ የሚል ጠፋ።

ጋሽ ተካልኝ ፊታቸውን ወደ አዳራሹ አዞሩ። የሚታያቸው ጭጋግ ብቻ ነው። ወደ ቤዝ ተጫዋቹ ዘንበል ብለው "ሰው መጥቷል?" አሉት። እሱንም አስጠንቅቄው ስለነበር ትንፍሽ ሳይል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላቸው። ለማያይ ሰው!

"ግድ የለም" አሉ ጋሽ ተካልኝ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "የቡና ለቀማ ሰሞን አይደል፣ ሥራ ይዟቸው ይሆናል።" ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ከፒያኖው አንሥተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ጣቴን ግን ከከንፈሬ ላይ አላወረድኩም።

ደግነቱ እትዬ አስካለ ተማሪዬ አልነበሩም። ከባንኮኒው ኋላ ሆነው "ኧረ ጋሼ፣ ሞልተናል! መቆሚያ እንኳ የለም!" ብለው ጮኹ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ጠረጴዛ ድብደባው! ያ ነጋዴም የቋጠረውን ሳል ባንዴ ለቀቀው። ጋሽ ተካልኝ እያለቀሱም እየሳቁም፣ ጩኸቱ ጋብ እስኪል እንኳ ሳይጠብቁ ሁለተኛውን ሙዚቃ ጀመሩ። እንዲያ ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ቅጂውን ለመስማት ተሰበሰብን። ሁለተኛው ሙዚቃ ሲጀምር፣ ከጭብጨባውም ከድራሙም በላይ የአንድ ሰው ድምፅ ተሰማ፦ "ዝምታ! ሁላችሁም ወደ ወረቀታችሁ!"

እኔ ነኝ። መጮኼን እንኳ አላስታውስም።

ባለሙያው በትሕትና "እቺን ቆርጬ አወጣታለሁ" አለ። እኔም በእናትህ አልኩት። ጋሽ ተካልኝ ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"እንዳትነካት! ሰው ሳይኖር ዝም በሉ የሚል አለ እንዴ? ሰው እንደነበረኝ ምስክሬ እሷ ናት።"