«አስረዳ» የተባልኩ ዕለት

ፍርሃት እንግዳ ነው የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። እንግዳ ሰንብቶ ይሄዳል፤ ፍርሃት ትራስ ይጠይቃል። እናንተ የተማራችሁት «ስጋት» ትሉታላችሁ፣ ስሙ ሲያምር የሚቀል ይመስል። እኔ መሠረተ ትምህርት ላይ የቀረሁ አሮጊት ብሆንም የፍርሃትን ዓይነት በመለየት ማንም አይቀድመኝም። ከሁሉ የሚከፋው «አስረጂ» ሲባሉ የሚመጣው ነው።

ክልሉ አዲስ፣ ባንዲራውም ገና ዝናብ ያልመታው በነበረበት ሰሞን፣ ደርግ ከወሎ ጭኖ አሶሳ ያራገፈን ሰዎች እንቅልፍ አጣን። «ነባር ያልሆነ ይለቃል» ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ወሬ መቼ አባት ኖሮት ያውቃል? ባሌን የቀበርኩት እዚህ፣ ማንጎዬን የተከልኩት እዚህ። ወዴት ልለቅ? ቀበሌው ደግሞ ስብሰባ ጠራ።

በዋዜማው ማሽላ ሳበጥር፣ ተከራዬ የሒሳብ መምህሩ የልጅ ልጄን ከድጃን በረንዳ ላይ ያስተምራል። ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ ነው። እሱም ፈርቷል፤ በሒሳብ ይሸፍነዋል እንጂ።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ‹እውነት መሆኔን በሒሳብ ሕጋችሁ ማስረዳት አይቻልም› የምትል።»

«ትዋሻለች?» አለች ከድጃ።

«ከዋሸችማ ማስረዳት ይቻላል ማለት ነው። ያኔ ሕጉ ውሸት አስረዳ! ሕጉ ደግሞ አይዋሽም ብለናል።»

«እንግዲያ እውነቷን ነው።»

«እውነቷን ነው፤ ግን ማስረዳት አይቻልም። ሕግ ብትጨምሪም ሌላ እንዲህ ያለች አትጠፋም።»

«ልጅ አታስፈራራ!» አልኩት።

«እማማ፣ ትልቅ ሊቅ ያገኘው ነገር እኮ ነው።»

«ሊቁ አሶሳ ሰፍሮ ነበር?»

በማግስቱ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ከነባሮቹ ከበርታዎች ወገን የሆነ ጎልማሳ ነው። «እማማ፣ አንተ የዚህ አገር ሰው ነው? አስረዳ!» አለኝ። አማርኛው ሴቷን ወንድ ያደርጋል፤ የኔ በርታኛ ግን ሰውን ፍየል ስለሚያደርግ አልሳቅሁም። ጎረቤት የሚፈራው ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

ከድጃ ከጎኔ ብድግ አለች። «እውነት ነው፤ ግን ማስረዳት አይቻልም!»

መምህሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። አለቀልን አልኩ።

«ማን ነው ይሄን ያስተማረ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ለመምህሩ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ጸባየኛ ተከራይ ከየት ይገኛል? ያኔ ምላሴ ተፈታ። «ልጄ፣ ሚዛን ራሱን ይመዝናል? አንተስ ነባርነትህን አስረዳ ብትባል?»

«አባቴ እዚህ ተቀብሯል።»

«ባሌስ?»

የባሌን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ሰዉን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያም «ይደር» አለ።

ትኑር አልተባለ፣ ትልቀቅ አልተባለ። መምህሩ እየተፍነከነከ «አላልኩዎትም እማማ? የማይጸድቅም፣ የማይሻርም!» አለኝ። ለእሱ ሒሳብ ነው።

ይኸው እንዳደረ ነው። ከድጃ አገባች፣ ማንጎውም አጥሩን አለፈ። እኔ ግን እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ «ማነው?» አልልም።

«ይደር!» እላለሁ።