ለድሬዳዋ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ነፋስ

የአየር ማቀዝቀዣ ተከላው ቅጽ ላይ «የኮርኒስ ዓይነት» ከሚለው ጎን «ኮንክሪት» ተብሎ ተሞልቷል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ይህን ያዩት ሠራተኞቹ ኮርኒሱን ሰባት ቦታ በስተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ቤቱ ጉለሌ፣ እንጦጦ ግርጌ ያለ የድሮ የጭቃ ቤት ሲሆን ኮርኒሱ ኖራ የተቀባ አቡጀዴ ነው። ጽሕፈቱ የባለቤታቸው የአቶ ስብሐት ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠሩ ስህተትን እንኳ በሚያምር እጅ ይጽፋሉ።

«ስብሐት፣ ኮንክሪት ያልከው የቱን ነው?»

«ታዲያ ጨርቅ ብዬ ልጻፍ? መሳቂያ ልሁን?»

ጉዳዩ የቤተሰቡን መጻኢ ዕድል የሚመለከት ነበር። ልጃቸውን ትሕትናን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች እሑድ ከድሬዳዋ ይመጣሉ። የልጁ ወገኖች ሙሽሮቹ ድሬዳዋ እንዲኖሩ ይሻሉ፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደግሞ ልጃቸው ከአንድ ታክሲ በላይ እንዳትርቅባቸው ስለት ተስለዋል። አቶ ስብሐት ባካሄዱት ጥልቅ ጥናት የድሬዳዋ ሰው ያለ ኤሲ እንደማይቀመጥ ደርሰውበታል። ስለዚህ ጉለሌ ምንም እንደማይጎድላት ለማሳየት ማዕከላዊ የአየር ማቀዝቀዣ ማስገባት ወቅታዊና አንገብጋቢ ሆነ። ጥናቱ የተካሄደው በጥቅምት ውርጭ፣ ካፖርት ተለብሶ፣ እጅ ብብት ውስጥ ተከቶ ነው።

«ኮርኒሱ ቢወድቅስ?» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ የተከላውን ባለሙያ ጃለታን። «ሽማግሌዎቹ ላይ ቢወድቅስ? አንዱ ቢሞትስ? ሠርግ ነው ለቅሶ የምንደግሰው?»

«አይወድቅም እትዬ። ይሄ እኮ አየሩን በቀጭን ቱቦ በኃይል የሚገፋ ነው፤ ለአሮጌ ቤት ተብሎ የተሠራ። እ... ማለቴ፣ ለአሮጌ የኮንክሪት ቤት።»

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ስስ ኮታቸውን ለብሰው ደረሱ። እንደ ወጉ፣ እሺታ ሳያገኙ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አቶ ስብሐትም እንደ ወጉ አላስቸኮሏቸውም። ማሽኑን አስነሥተው ንግግራቸውን ጀመሩ።

«ክቡራን ሽማግሌዎች፤ ይህ ቤት የአባቶችን ቅርስ ከዘመኑ ሥልጣኔ ጋር ያጣመረ...»

ከሰባቱ ቀዳዳ ነፋስ እያፏጨ ወረደ። አቡጀዴው ወሯ እንደገባ ሴት ሆድ ወደ ታች ተነፋ። ከተሰነጠቀው በኩል የአርባ ዓመት ጥቀርሻ በሽማግሌዎቹ ራስ ላይ በረከት መስሎ ረገፈ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ እንድርያስ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ንግግሩን አቋረጡ።

«አቶ ስብሐት፣ ልጅቷ የምታድረው እዚሁ ቤት ነው?»

«እንዴታ። እሷማ ራስጌዋ ላይ ሁለት ቀዳዳ አላት።»

ጋሽ እንድርያስ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። ሁለቱም አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው ነቀነቁ።

«እውነቱን እንናገር። ልጆቹ እዚሁ ዊንጌት ቤት ተከራይተው ይኑሩ ብለን ተስማምተን ነበር የመጣነው። አሁን ግን ፈጣሪ ይጠይቀናል። ልጅቷን ከዚህ ብርድ አውጥተን ድሬዳዋ እንወስዳታለን። እሺ በሉንና እንሂድበት።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ኮርኒሱን ፈርተዋል፣ ኤሌክትሪኩን ፈርተዋል፣ ሞትን ራሱን ፈርተዋል። ርኅራኄን ግን ለመፍራት አላሰቡም ነበር። ልጃቸውን ቢያዩ ሁለት ሹራብ ደርባ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«ትሕትና፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እማዬ፣ እዛ በነጠላ ጫማ ይኬዳል አሉ።»

አቶ ስብሐት እንግዶቹ በቤቱ ግርማ እንደተሸነፉ ስለተረዱ ወዲያው እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ሳይነኩ መርቀው ወጡ። ምርቃታቸው የተሰማው ከበር ውጭ፣ መኪናቸው አጠገብ ነው።

ሲመሽ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ መኪናዋ የወረደችበትን መንገድ ያዩ ነበር። አቶ ስብሐት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ጠጉራቸው በነፋሱ እየተርገበገበ፣ ከሶፋው ጠሯቸው።

«አየሽ የዓለሜ፣ ሌላው ሦስት ቀጠሮ የሚመላለስበትን በአንድ ቀን ጨረስነው። በይ አሁን በሩን ቆልፊው፣ ብርድ እያስገባሽ ነው።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ገቡና ቁልፉን ሁለቴ አዞሩት።