የፓይለቱ ዋስ

(ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለ ኬክ ቤት። ሰው ሁሉ ጓድ የሚባባልበት ዘመን ነው። ክራቫት ያሰረው እምሩ የመሥሪያ ቤት ሰው ይመስላል። ጓደኛው ሐድጉ በጥጥ እርሻ ላይ ከአውሮፕላን መድኃኒት ይረጭ የነበረ፣ አሁን ሥራ የሚፈልግ ፓይለት ነው። በሐድጉ ሳህን ላይ ያለው ቦምቦሊኖ ተገምጧል።)

ሐድጉ፦ ቅመስ አልኩህ እንጂ ጨርስ አልኩህ?

እምሩ፦ ለአንተው ብዬ ነው። ፓይለት ሲወፍር አውሮፕላኑን ይከብደዋል።

ሐድጉ፦ እሱን ተወውና፣ ዛሬ ጠዋት ሄጄ...

እምሩ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ላለማምድህ። እኔ ቀጣሪው ነኝ። (ክራቫቱን ያጠብቃል) ጓድ ሐድጉ፣ ከጥጥ እርሻው ለምን ወጣህ?

ሐድጉ፦ ተባረርኩ።

እምሩ፦ ኧረ በጊዮርጊስ፣ እንዲህ ተብሎ ይነገራል?

ሐድጉ፦ ታዲያ ተባርሬ የለ እንዴ?

እምሩ፦ መባረርህን ማን ጠየቀህ?

ሐድጉ፦ አንተ።

እምሩ፦ እኔማ ቀጣሪው ነኝ። ለቀጣሪ «በራሴ ፈቃድ ለቀቅሁ» ነው የሚባለው። እስቲ እንደገና፤ ለምን ወጣህ?

ሐድጉ፦ በራሴ ፈቃድ።

እምሩ፦ ጎሽ። ምን አስለቀቀህ?

ሐድጉ፦ አባረሩኝ።

እምሩ፦ አንተ ሰውዬ፣ «የአገሩ አየር አልተስማማኝም» በላቸው።

ሐድጉ፦ አየር ያልተስማማውን ፓይለት ማን ይቀጥረዋል?

እምሩ፦ (እያሰበ ቦምቦሊኖውን ይገምጣል) እሺ፣ ታመምኩ በል። ለመሆኑ ምን አጥፍተህ ነው?

ሐድጉ፦ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ነጭ ለብሶ ተሰልፎ ነበር። ከላይ ሳየው ጥጥ መሰለኝ።

እምሩ፦ እና?

ሐድጉ፦ ረጨሁበት።

እምሩ፦ የተባይ መድኃኒት?

ሐድጉ፦ ደግነቱ የሙከራ በረራ ነበር፤ የጫንኩት ውሃ ነው። እንግዳውም ግን ደርሶ ኖሯል።

እምሩ፦ ይህንንማ ለንስሐ አባትህም እንዳትተነፍስ። ከእኔ ተማር፤ የሆዴን ሚስቴ እንኳ አታውቅም።

ሐድጉ፦ እኔ ግን ጠዋት ነገርኳቸው።

እምሩ፦ ለእነማን?

ሐድጉ፦ ለቀጣሪዎቹ። ልነግርህ ስል አፌን ትዘጋዋለህ። አለቃቸው ካፒቴኑ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «የመጣው ሁሉ በፈቃዴ ለቀቅሁ ነው የሚለኝ፤ እኔ የምፈልገው ሲሳሳት የሚናገር ፓይለት ነው» ብሎ ተቀበለኝ። ደመወዝ ያለው ዋስ ብቻ ጥራ አለኝ።

እምሩ፦ (ትን ይለዋል) ማንን ጠራህ?

ሐድጉ፦ አንተን። እዚያው ፊቴ መሥሪያ ቤትህ ደወሉ።

(እምሩ ክራቫቱን ያላላል።)

እምሩ፦ ምን አሏቸው?

ሐድጉ፦ በሰኔ አሰናብተነዋል አሏቸው።

እምሩ፦ አፈርኩ፣ ሐድጉ። በየጠዋቱ ክራቫቴን አስሬ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ እወርድና ተመልሼ እዚህ እመጣለሁ። ይኸው በእኔ የተነሳ ሥራው ቀረብህ።

ሐድጉ፦ አልቀረም። ሌላ ዋስ አገኘሁ፤ አስተማሪ ናት።

እምሩ፦ ማን?

ሐድጉ፦ የሺ።

እምሩ፦ የእኔዋ የሺ? ነገርካት?

ሐድጉ፦ ልነግራት ስል ቀደመችኝ። ከሰኔ ጀምሮ ታውቃለች። ራስህ እስክትነግራት እየጠበቀች ሸሚዝህን በየቀኑ ትተኩሳለች።

እምሩ፦ (አንገቱን ደፍቶ) ምነው ዝም አለችኝ?

ሐድጉ፦ «ዘንጦ ሲወጣ ደስ ይለዋል» አለች። አንድ ነገር ግን ጠይቅልኝ ብላኛለች።

እምሩ፦ ምን?

ሐድጉ፦ «ምሳዬን መሥሪያ ቤት በልቻለሁ የሚለኝ፣ ከሰኔ ጀምሮ የማንን እየበላ ነው?»

(እምሩ የቀረችውን የቦምቦሊኖ ቁራሽ ቀስ አድርጎ ወደ ሐድጉ ይገፋል።)