አባቴ ራጅ የተነሳ ጊዜ

አማርኛ አንዳንዴ ሰው ታሳስታለች። ፎቶም መነሳት፣ ራጅም መነሳት! ቤታችን የሚወራው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛ ለቢሮና ለስብሰባ ነበር። ታዲያ አባቴ ምን አጠፋ? «ነገ ራጅ ይነሳሉ» ሲባል ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ሄደ። ባለሙያው «አባባ፣ ከወገብ በላይ ያውልቁ» ቢለው፣ ለፎቶ ይለበሳል እንጂ ይወለቃል እንዴ ብሎ ሊጣላው ነበር።

አሁን እስቃለሁ እንጂ ያኔ የሳቅ ጊዜ አልነበረም። ዘመኑ ደርግ ነው። ጉንፋን ቤተሰቡን ሁሉ አዳርሶ ሲወጣ፣ አባቴ ደረት ላይ ቀረ። ጎረቤቱ «የሳምባ ነቀርሳ ነው» እያለ ይንሾካሾክ ጀመር። ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባል የለ? ሳል ይዞ ስብሰባም አይሆንም ለካ! በእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ፣ አራት ሰው በሚይዘው አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። የዘረጋውን እጅ የሚጨብጥለት አጣ።

ራጁን በተነሳ ዕለት አብሬው ነበርኩ፤ ሐኪሙ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀለው። ሁለቱም ሳምባ ላይ ጉም የመሰለ ነገር አለ። «ነቀርሳ ነው?» አልኩ እየፈራሁ። እሱ ግን ለመፍረድ አልቸኮለም። ራጅ ጭሱን ያሳያል እንጂ እሳቱን ማን እንደለኮሰው አይናገርም አለኝ። ቤት ውስጥ ማን ታሞ እንደነበር ጠየቀ፤ አክታውን ሦስት ጊዜ አስመረመረ። ነቀርሳ የለም። ቫይረስ የሚባለው ያመጣው የሳምባ ምች ሳይሆን አይቀርም ብሎ፣ መርፌ ሳያዝዝ «እረፍት ያድርጉ» ብሎ ሸኘው። አባቴ ቅር አለው። ያለ መርፌ ምን ሕክምና አለ? ሆኖም ከሳምንታት በኋላ ዳግም ራጅ ሲነሳ ጉሙ ጠርቶ ነበር።

ግን ማን ይመን? አባቴ የራጁን ፖስታ ይዞ ስብሰባ ገባ። ሊቀመንበሩ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ እንደ አዋቂ አገላብጦ አየና፣ «ጓዶች፣ ጓድ ኤርሳዶ ጤነኛ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የሚቃወም?» አለ። ማን ይቃወማል? የአባቴ ሳምባ በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ጸደቀ። ወዲያው አግዳሚው ሞላ፤ እጁን የጨበጠው ሰው ብዛቱ!

ቤት ገብተን ፖስታውን ብከፍተው ጉም ነው። ይዞት የሄደው የታመመ ጊዜ የተነሳውን ኖሯል! ከዳነ በኋላ የተነሳው ቤት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ነገርኩት።

አባቴ በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም በል፣ ልጄ» አለኝ፤ «ውሳኔ ተላልፏል።»