ሻርክን ከገደል አፋፍ ያዩት አያ ዳኛው

ቆጣሪ የሌለው ግቢ ተከራይቼ አውቃለሁ፤ የሽንት ቤቱ በር በማዳበሪያ የተሸፈነ ግቢም ኖሬበታለሁ። ሁሉን አዋቂ የሌለበት ግቢ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አከራዩ አይነግራችሁም እንጂ አዋቂው ከቤቱ ጋር አብሮ ይሰጣችኋል።

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ለእኛ ግቢ የደረሱን ክቡር አያ ዳኛው ናቸው። ስሜን ውስጥ መካነ ብርሃን ተወልደው፣ እዚያው አርሰውና ከብት አርብተው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ጎንደር ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን ግን ሁሉ ያውቁታል። ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸውን ያነሡና «ይኸማ የታወቀ ነው!» ይላሉ።

ቧንቧ የሚጠግነውን ሰው ከጉድጓዱ አፍ ቆመው አዘውታል። ሰውዬው በዝምታ ሠርቶ ሲጨርስ «እኔ ባልነግርህ ምን ይውጥህ ነበር?» ብለው መርቀው ሸኙት። ጤና ጣቢያ ድረስ አብረውኝ መጥተው ነርሷን የመርፌ አያያዝ አርመዋታል። መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ሚኒባስ ውስጥ ግን ከኋላ ወንበር «አሁን ሁለተኛ አግባ!» ይላሉ። አምና ደግሞ «ከእንግዲህ አይዘንብም፣ አስጪው» ብለውኝ በርበሬዬን አሰጣሁ። በርበሬዬ ዋኘ።

«ምነው አያ ዳኛው?» ብላቸው፣ «እኔ ምን ላድርግ ይመኙሽ፣ ዝናቡ ነው የተሳሳተው» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማረው ተከራይ አምሐ ኮምፒውተሩን በረንዳ ላይ ከፍቶ ስለ ሻርክ የተሠራ ፊልም ያይ ነበር። አያ ዳኛው ሳይጠሩ ተቀመጡ። እኔና አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ እስከዳርም ተጠጋን። ተመራማሪዎቹ ከሻርኩ ክንፍ ላይ ጥልቀት የሚለካ ነገር አስረው ይከታተሉታል። ቀን ቀን ወደ ጨለማው ጥልቅ ይወርዳል፤ ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል።

«ይኸማ የታወቀ ነው! ጭላዳ ነው ይኸ!» ብለው ተነሡ አያ ዳኛው።

«አያ ዳኛው፣ ዓሣ ነው እኮ» አለ አምሐ።

«ዓሣነቱን አየሁት፣ ዓይኔ ደኅና ነው። እኛ አገር ጭላዳ ዝንጀሮ ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል፤ አውሬ ፈርቶ ነው። ሲነጋ ሜዳ ወጥቶ ሣሩን ይግጣል። ባሕር ላይ ደግሞ ትንሹ ዓሣ የሚፈራው ብርሃኑን ነው፣ ይታያላ! ስለዚህ ቀን ታች ይሸሸጋል፣ ሲመሽ ሊበላ ይወጣል። ሻርኩ ነብር ነው፤ ምግቡ በወጣበት ይወጣል፣ በወረደበት ይወርዳል። ባሕር ማለት የተገለበጠ ስሜን ነው!»

እስከዳር ደብተሯን አመጣች።

ትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ቀን ሊያከብር ነበር፤ ከየክፍሉ የሚቀርበው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከክፍሏ የተመረጠችው እስከዳር በግማሹ ወረቀት ገደል፣ በግማሹ ባሕር ስላ፣ ከሥሩ አያ ዳኛው ያሉትን ጽፋ ሄደች። ሰኞ ዓይኗ አብጦ ተመለሰች። መምህር ካሣዬ ጽሑፏ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ጎትተውበታል፦ «ዓሣ እንደ ፍየል ሽቅብ ቁልቁል አይልም። ሰርዘሽ ሌላ ካልጻፍሽ አትቀርቢም።»

«አልሰርዝም!» አለችኝ።

እኔ እናቷ ያደረግሁት ያሳፍረኛል። በቀጥታ ወደ አያ ዳኛው ሄጄ «በርበሬዬን አስበሉኝ፣ ዝም አልሁ። አሁን ደግሞ ልጄን?» አልኋቸው።

የታወቀ ነው አላሉም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው «ተሳስቼ ይሆን እንዴ?» አሉ። ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ሆነው እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ደነገጥሁ። ታመው መሰለኝ።

ሮጬ አምሐን ጠራሁት። ፈልጎ አነበበልን፦ አንዳንድ ሻርኮችና ሌሎች አዳኝ ዓሦች ቀን ጠልቀው ማታ ይወጣሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ተቃራኒውን የሚያደርጉም አሉ።

አያ ዳኛው ወዲያው ዳኑ። «አንዳንድ? ማነው አንዳንድ ያለው?»

«አያ ዳኛው፣ ‹አንዳንድ› የምትለው ትገባለች» አልሁ።

«ሻርኩን ታዋርጂዋለሽ!»

«ትገባለች።»

ገባች። እስከዳር በራሷ እጅ ጻፈቻት።

በማግሥቱ እኔ፣ እስከዳርና አያ ዳኛው ሦስታችን ትምህርት ቤት ሄድን። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ያለፍሁ ሰው አይደለሁም፤ መምህር ፊት ሁልጊዜ አንገቴን ደፍቼ ነው የምቆም። ያን ቀን አልደፋሁም።

«መምህር፣ አንድ ቃል ጨምረናል። አንድም ፊደል ግን አይሰረዝም» አልሁና አምሐ ያተመልንን ወረቀት ሰጠኋቸው።

መምህር ካሣዬ አያ ዳኛውን ከላይ እስከ ታች አይተው «ለመሆኑ አባባ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አሉ።

«እርስዎስ?» አሉ አያ ዳኛው።

መምህሩ ወረቀቱን አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። የሚገባቸውን ልስጣቸው፣ ቀዩን መስመር በገዛ እጃቸው ሰረዙትና «ትቅረብ» አሉ።

በሳይንስ ቀን እስከዳር የትምህርት ቤቱን ደረጃ ባሕር አደረገችው። ታች ቆማ «አሁን ቀን ነው» አለች። ከዚያ «እየመሸ ነው» እያለች መውጣት ጀመረች። ያ ሁሉ ወላጅ ጸጥ ብሎ ሲያይ፣ ከኋላ ድምፅ ተሰማ።

«ቀስ በይ! ሻርክ አይቸኩልም!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ድሮ ቢሆን ፊቴን በነጠላዬ እሸፍን ነበር። እስከዳር ግን ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆና ወገቧን ያዘች።

«አንዳንዱ ይቸኩላል፣ አያ ዳኛው!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አያ ዳኛው ደረታቸውን ነፍተው አጠገባቸው ወደነበሩት መምህር ካሣዬ ዞሩ፤ «ሸጋ ልጅ! እኔ ነኝ ያስተማርኋት» አሏቸው።

መምህሩ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን አዩኝ።

«ይኸማ የታወቀ ነው!» አልሁ።