ጋሽ ይጠና ኮምፒውተር ሲገዙ

እሱ የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። አንዲት ዕቃ ለመግዛት ከተማውን በሙሉ የሚያማክር፣ የመከሩትን ሁሉ አመስግኖ የአንዳቸውንም የማይሰማ፣ በመጨረሻም ማንም ያላሰበውን ነገር ተሸክሞ ቤት የሚገባ ሰው ማለቴ ነው። በእኛ ቤተሰብ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተረከቡት የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ እኛ ግን ከኋላቸው ጋሽ ይጠና እንላቸዋለን። ምንም ይጠየቁ ምን፣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እስቲ ይጠና።»

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት በመጋዘን ኃላፊነት ነው። አንዲት ብሎን ሊወስድ የመጣ ሠራተኛ ብሎኑ የሚገባበትን ማሽን፣ ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ፣ ሥራውን ያዘዘውን አለቃ አንድ በአንድ ካስረዳ በኋላ «በል እስቲ ነገ ብቅ በል» ይባላል። ጡረታ ሲወጡ በተደረገው ሽኝት ላይ ሥራ አስኪያጁ «በእሳቸው ዘመን ከመጋዘናችን አንድም ዕቃ አልጠፋም» ብሎ አስጨበጨበላቸው። እውነቱን ነው። አልወጣማ፤ እንዴት ይጥፋ።

አንድ ጊዜ ጫማ ሊገዙ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ዳግመኛ አልሄድም። አንዱን እግር አድርገው ሱቁን ዞሩት። ደረጃ ወጡ፣ ደረጃ ወረዱ። ሌላኛውን እግር ነጠላ ጫማ ሊገዛ ለመጣ ሰው አስጠልቀው ከሩቅ ምን እንደሚመስል አዩት። የባለሱቁ ሚስት ለባሏ ምሳ ይዛ ስትመጣ እኛ እዚያው ነን፤ ብታዝንልንም ባታዝንልንም «አብራችሁ ቅመሱ» አለችን። ቀመስን። ጋሽ ይጠና እጃቸውን ታጠቡና «እግዜር ይስጥልን፣ እስቲ ይጠና» ብለው ወጡ። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ካቆምኩ ቆየሁ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ኮምፒውተር እንዲገዙ የተፈረደባቸው። ወይም እኛ ነን የተፈረደብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ተመረቀች። ታላላቆቿ ሁሉ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ የግንባታ ድርጅት ሊቀጥራት ተስማማ፣ ግን ቢሮው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ነው። ሌላም ነገር አለ። የሚመጣ ሠራተኛ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ይምጣ፣ ሰኞ ሥራ ሲጀመር የሌለው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጥበታል ተባለ። አባት ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «ኮምፒውተሩ በኔ ይሁን» አሉ። ልጅቷ እናቷን አየች፣ እናቷ እኔን አየች፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ? ለማንኛውም ጤነኛ ሰው ይህ ጥያቄ አይደለም። ልጅቷ መንገደኛ ናት፤ የምታርፈው በኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሲመሽ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ሲነጋ ወደ ግንባታ ቦታ ይዛው ትዞራለች። አለቀ፣ ደቀቀ። ለጋሽ ይጠና ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ጎረቤት ተጠየቀ፤ ላፕቶፕ አለ። ባንክ ቤት መስኮቱ ላይ ቆመው ገንዘብ ከፋይዋን ጠየቋት፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ ቀድሟት በአንድ ድምፅ «ላፕቶፕ» ብሎ መለሰላቸው፤ ተራው እንዲደርሰው። የጥርስ ሐኪማቸውንም አልማሩትም። ማደንዘዣ ሊወጋቸው ሲል እጁን ይዘው «ዶክተር፣ አፌ ሳይያዝ አንዲት ነገር ልጠይቅህ» አሉት። ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ «ላፕቶፕ» አለ። ጥርሳቸው ተነቅሎ ሲወጡ ጉንጫቸውን በመሐረብ ደግፈው የነገሩኝ ይህን ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ችኩል ነው። ጥርሴንም ሳያጠናው ነው የነቀለው።»

ወደ ኮምፒውተር ሱቁ የሄድነው አብረን ነው፤ እህቴ በግድ ልካኝ። ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ነበር ብል ይሻላል። አንድ መልካም ላፕቶፕ አወጣና ከፈተላቸው። ዘጉት። ከፈቱት። ደግመው ዘጉት።

«ይሄ ማጠፊያ ይሰበራል።»

«አይሰበርም አባቴ።»

«ካልተሰበረ ለምን ይታጠፋል?»

ባለሱቁ ማጠፊያውን እንደ አዲስ አየው።

«ባትሪውስ?»

«ስድስት ሰዓት ይቆያል።»

«ከስድስት ሰዓት በኋላ?»

«ከዚያማ ቻርጅ ይደረጋል።»

«አየህ?» አሉ ወደኔ ዞረው። «ያው ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነው። ይሄን ሊደብቀን ነበር።»

ባለሱቁ ላቡን ጠርጎ ላፕቶፑን እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «እስቲ ክብደቱን ይዩት፤ ላባ ነው» አላቸው። አነሱት፣ ዝቅ አደረጉት።

«ልጅቷ ብቻዋን ትይዘዋለች ማለት ነው?»

«በአንድ እጇ ነዋ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡትና «ቀላል ዕቃ ለሌባ ይመቻል» ብለው ወጡ። እኔም ባለሱቁን በዓይኔ ይቅርታ ጠይቄ ተከተልኳቸው።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። ልጅቷ ሻንጣዋን አወጣች፤ ከድርጅቱ ተደውሎ «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» ተባለች። አባቷ ከውጭ ሲመለሱ ከክፍሏ ብቅ እያለች እጃቸውን ታይና ትመለሳለች። እህቴ መጀመሪያ ለመነች፣ ቀጥሎ ጮኸች፣ በመጨረሻ መናገር አቁማ ሳህን ታንኳኳ ጀመር። «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ ሥራ ሳትጀምር ጡረታ ልትወጣ ነው» ስትላቸው እንኳ ክቡርነታቸው ተረጋግተው «ነገሩ እየተጠና ነው» አሉ።

ልጅቷ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀር ታክሲ በር ላይ ቆመ። ወጥተን አየን። ጋሽ ይጠና ከነሹፌሩ ካርቶን ያወርዳሉ። አንድ ካርቶን፣ ሌላ ካርቶን፣ ደግሞ ሌላ፤ የመጨረሻው ካልተጋደመ በበሩ አልገባም አለ። ዴስክቶፕ። ለመንገደኛ ልጅ ቁም ሣጥን የሚያክል ዴስክቶፕ።

«በዚያው ዋጋ ጉልበቱ እጥፍ ነው» አሉ፣ ያልጠየቃቸውን ሹፌር ጭምር እያዩ። «ንድፍ ደግሞ ሰፊ ስክሪን ይፈልጋል። የዓይንም ነገር አለ። ባለሱቁም ተስማምቷል።» ባለሱቁማ ይስማማል፤ ከሱቁ እስከወጡለት ድረስ ጨረቃ ካሬ ናት ቢሉትም ይስማማ ነበር። ልጅቷ ካርቶኖቹን ዞር ዞር ብላ አየችና «አመሰግናለሁ አባዬ» ብላ ክፍሏ ገባች። አንጀቴን በላችው።

ደሜ ፈላ። ያለ የሌለ ጨዋነቴን ሰብስቤ ባለሱቁ ዘንድ ሄድኩና ለመንኩት። ካርቶኑ ካልተከፈተ በላፕቶፕ እቀይራለሁ አለኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ እሳቸው ራሳቸው እንዳይመጡ። ደስ ብሎኝ እየበረርኩ ተመለስኩ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ልብስ ታጥፋለች።

«ነገ ጠዋት አንቺና እኔ ሄደን እንቀይረዋለን» አልኳት። «የአባትሽን ነገር ለኔ ተይው።»

«ይቅር አጎቴ።»

«ምኑ ነው የሚቀረው? ያን ሁሉ ካርቶን አንቺ ልትሸከሚው ነው?»

«እኔ አልሸከመውም። አባዬ ነው የሚሸከመው።»

አልገባኝም። እሷም አይታኝ እንዳልገባኝ ገባት።

«ላፕቶፕ ቢሆን ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እሄዳለሁ» አለች። «እሱ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ ይመለሳል። ይሄን ግን ብቻዬን አልችለውም። አብሮኝ መሄድ አለበት። ከሄደ ደግሞ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ይገጥማል፣ ሶኬቱን ያያል፣ ቁልፉን ያያል፣ አከራዮቹን ያያል።»

«እንዲህ ብሎሽ ነው?»

«እሱ እንዲህ ይላል? ልምጣ ቢለኝም እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ ብዬ እጣላው ነበር።» አንድ ሸሚዝ አጥፋ ጨርሳ መልሳ ዘረጋችው። «እዚያ እኮ የማውቀው ሰው የለም አጎቴ። አንድም ሰው።»

ስንት ወሬ ያሳመርኩባቸው ሰውዬ፣ ያ ሁሉ የማጠፊያ፣ የባትሪና የሌባ ክርክራቸው፣ ልጃቸውን ብቻዋን ላለመስደድ ሲሉ የደረደሩት ሰበብ ነበር። እንዳልናገር ለልጅቷ ቃል ገብቼ ወጣሁ፤ ባለሱቁም እስካሁን ይጠብቀኝ ይሆናል።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሻይ እየጠጣን፣ ጋሽ ይጠና ዴስክቶፑን ራሳቸው አድርሰው እንደሚገጥሙት ሲናገሩ፣ እህቴ ሰሞኑን ከተናገረችው ሁሉ የላቀውን ቁም ነገር ተናገረች።

«ጭነት ድርጅት አለ አይደል እንዴ? ይጠቀለልና ይላካል፤ እሷ እዚያ ትረከባለች። የሚገጥም ሰው እዚያም አይጠፋም። አንተ በዚህ ወገብህ ለምን ትንከራተታለህ?»

ጋሽ ይጠና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ለማንም ለምንም መልስ የማያጡት ሰው ቃል አጡ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ከዚያ ክቡርነታቸው ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ምን ትላለህ ብለውኛል። የምለውን ለመስማት የፈለጉት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ከኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ማጥፋቱንም ገመዱን ነቅዬ ነው። ቢሆንም ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ዓይነቱ ሞኒተር ያለ ሰው አይላክም» አልኳት። «ንዝረት አይወድም። በሰው ጭን ላይ ሆኖ ነው የሚጓዘው። ከተገጠመ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት የገጠመው ሰው አጠገቡ ሆኖ ሁኔታውን ማየት አለበት። ካልሆነ ይቃጠላል።»

«ምኑ ነው የሚቃጠለው?»

«ውስጡ» አልኳት።

«ሰማሽ?» አሉ ጋሽ ይጠና፣ ድምፃቸው ተመልሶ። «የሚያውቅ ሰው ነው የተናገረው። እኔማ መሄዱን ፈልጌው መሰለሽ?» ይህን ብለው ብድግ አሉና በገዛ እጃቸው ሻይ ቀዱልኝ፤ እስከ አፉ ሞልተው፣ ሳያጠኑ። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ። ይኸው ተናገርኩ፤ ለሳቸው ግን እንዳትነግሩብኝ። እህቴ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ ለሞኒተሩ መጠቅለያ የሚሆን ብርድ ልብስ አመጣች።

ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡሱ ረዳት ሁሉም ዕቃ ጣሪያ ላይ ይጫን ብሎ ነበር። ከጋሽ ይጠና ጋር ትንሽ ተነጋገሩ። ተሳፋሪው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላም ተነጋገሩ። በመጨረሻ ረዳቱ ተሸንፎ በሩን ያዘላቸው። በመስኮት በኩል የታየኝ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሞኒተርና ከበላዩ ባርኔጣ ብቻ ነው። ልጅቷ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ተቀምጣለች። አውቶቡሱ ገና ሳይነሣ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች፤ እሳቸውም እንዳይቀሰቅሷት ይመስል እጃቸውን ሳያነሡ በአገጫቸው ተሰናበቱን።

አውቶቡሱ ከግቢው ወጥቶ እስኪታጠፍ ድረስ እህቴና እኔ ቆመን አየን። አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገችና መሐረቡን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሁለት ሳምንት ነው ያልከው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

«ስትዋሽ እንኳ ትሰስታለህ። አንድ ወር ብትል ምን ነበረበት?»